መጋጠሚያ

ጋሽ እንዳላማው ግንበኛ ናቸው፤
በነገሥታቱ ግቢ ጥገና
ሠላሳ በጋ ተንበርክከው
ድንጋይ ከድንጋይ ሲያስታርቁ፣
ኖራ ሲያቦኩ፣ ሲያጣብቁ፣
ሠላሳ በጋ ጉልበት ሸጠው
በመጨረሻ ጉልበት ገዙ፤
የበሬ ዋጋ፣ የልጅ እቁብ ይዘው
አዲስ አበባ ድረስ ተጓዙ።

ይኸው ዛሬ፣ በሦስተኛው ዓመት፣
ራጅ ክፍል መጡ፣ ማክሰኞ ጠዋት።
«ብረቱ አይደለም የሚያመኝ» አሉ፣
«ከብረቱ ሥር ያለው ነው፤
ሌሊት ሌሊት የሚያንሾካሹክ፣
እስቲ እዪልኝ፣ ማነው?»

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ሠርግ የማላነሳ፤
«ፈገግ በሉ» የማልል፣
«አይንቀሳቀሱ» ብቻ የምል።
መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩ አጓርቶ እስኪነሳ
ጨለማው ውስጥ ዝም አልን፤
ከደጅ የባጃጅ ጥሩምባ ሰማን።

ምስሉ መጣ።
ብረቱ ነጭ፣ እንደ ታጠበ ሳህን የጠራ፤
ከሥሩ ሲሚንቶ፣ ከሲሚንቶው ሥር አጥንት፤
በሁለቱ መሃል ግን አንዲት
እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር።
አፌን ያዝኩ፤ የሐኪሙ ነው እንጂ
የኔ አይደለም መናገር።

እሳቸው ግን መነጽራቸውን
በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው፣
ወደ ስክሪኑ ተጠግተው፣
ጣታቸውን በመስመሯ ላይ ሰደዱ፤
«ይቺን አውቃታለሁ» አሉ።
«በምሥራቁ ግድግዳ አይቻታለሁ፤
ወይ ኖራው ሳይበስል ተለስኗል፣
ወይ ውሃ ገብቶበታል።
ድንጋዩ ደህና፣ ኖራውም ደህና፤
መሃላቸው ነው የታመመው።
ግንብ በድንጋዩ አይፈርስም፣ ልጄ፤
በመጋጠሚያው ነው።»
ከሰዓት የሐኪሙ ሪፖርት ደረሰ፤
በእንግሊዝኛ፣ ያንኑ ነገር ደገመ።

ከታች፣ ምድር ቤት፣ ትርንጎ አለች፤
የሷ በሽተኛ ትል ነው።
በቦቲ ጫማ መገጭ ወርዳ
ቀንድ አውጣ ለቅማ፣
በአይጥ ደም ያሳደገችው፤
በደም ሥር ውስጥ ባልና ሚስት ተቃቅፎ
ኪራይ ሳይከፍል የሚኖር፣
ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ የማይባረር።
«እንዴት?» ትላለች፤ «ለእሾህ የሚያብጥ፣
ለአቧራ የሚያስነጥስ ገላ
ይህን የሚያህል እንግዳ አስገብቶ
እንዴት ዝም አለ?»

መልሱ ጄሉ ላይ ወጣ፤ አንዲት ሰማያዊ መስመር፣
ከጓደኞቿ ዝቅ ብላ የቆመች።
ትሉ የሚተፋት ፕሮቲን ነች፤
የሰውነትን ዘበኛ ትከሻውን ነካ አድርጋ
«ተኛ፣ የቤት ሰው ነኝ» የምትል፣
ሌባ ውሻን በዳቦ እንደሚያባብል።

ክበብ ውስጥ፣ በሻይ ብርጭቆ መሃል፣
የሷን ሰማያዊ፣ የኔን ጥቁር አገናኘን።
«አጥንቱን የሚበላው» አለች፣
«የሰውየው የራሱ ዘበኛ ቢሆንስ?
ከፕላስቲኩ የሚረግፈውን ብናኝ
ጠላት መስሎት የሚቆጣ?
ያቺን ውሸት ብንበደርስ፣
ትሉ ሳይመጣ?»
ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።
የሻዩን ሂሳብም አልከፈልንም።

አላውቅም።
ሥራው ገና አይጥ ላይ ነው፤ የገንዘቡ ደብዳቤ አልተመለሰም፤
ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ
ግማሽ ናሙናዋ ቀልጦባት
ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።
የጋሽ እንዳላማው ጉልበት እንደገና ይከፈታል፤
ቀጠሮው ለጥቅምት ነው።

ስለ ትሉ ነገርኳቸው።
ከዘራቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ።
«እኛም» አሉ፣ «ኖራው እንዲይዝ
አንድ ነገር እንጨምርበት ነበር፤
ይገማል፤ ለጎብኚ ስሙን አንናገር።»

ከዚያ ተነሱ፣ እያነከሱ።
ኮሪደሩ ላይ፣ አዲሱ ሕንፃ ጋ ሲደርሱ፣
ግድግዳውን በከዘራቸው
ሁለቴ አንኳኩና ጆሮ ሰጡት፤
ራሳቸውን ነቅንቀው
ወጡ።